ሃያ የኮምፒውተር ልብስ እንድሰፋ ስለ ታዘዝሁበት ጉዳይ

ለሾላ ሜዳ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፣
ካሉበት ይድረስ።

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ እንደምን ነው? የምግብ ፍላጎትዎስ? የሚቀመጡበት ወንበርስ ደኅና ሰንብቷል? በክፉውም በደጉም ዓመት ከቦታው ንቅንቅ ያላለው የወረዳችን ንብረት እሱ ብቻ ስለ ሆነ፣ ደኅንነቱን ሳልጠይቅ ባልፍ አገሬን እንደ በደልሁ እቆጥረዋለሁ። ፈጣሪ እርስዎንም ወንበሩንም ሳይለያይ ያኑርልን።

እኔ ሲራጅ ሰዲቅ እባላለሁ። ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ በገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። ክቡርነትዎ ባያውቁኝም የቢሮዎን መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ስለ ሆንሁ፣ በየጠዋቱ ፀሐይ ዐይንዎን እንዳይመታዎ የምከላከልልዎ ሰው ነኝ ብል ውሸት አይሆንብኝም። መጋረጃው ወፍራም ነው። በዚያ በኩል ምን እንደሚታይ ለማየት ሳይቸገሩ እንደማይቀሩ ስለምገምት፣ የማይታየውን በጽሑፍ ላቀርብልዎ ተነሣሁ።

ይህን ደብዳቤ በገበያው ሾላ ላይ ለጥፌ አላፊ አግዳሚው እንዲያነበው ማድረጌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ አደራ። በወጉ አጣጥፌ፣ በፖስታ አድርጌ ወደ መዝገብ ቤትዎ ይዤው ሄጄ ነበር። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በትሕትና እንዳስረዳችኝ ግን፣ ገቢ ደብዳቤ የሚመዘገብበት ኮምፒውተር ከተበላሸ ቆይቷል፤ በእጅ መመዝገብ ደግሞ ወረዳው ዲጂታል ሆኗል ተብሎ ቀርቷል፤ የሚጠግን ሰውም የለም። እንግዲህ ወረዳው ደብዳቤ መቀበል ከማይችልበት የሥልጣኔ ደረጃ ላይ ስለ ደረሰ፣ እኔ ኋላ ቀሩ ወደ ዛፍ ተመለስሁ።

የምጽፍበት ምክንያት ባለፈው ሳምንት በክቡርነትዎ ፊርማና ማኅተም የደረሰኝ የሥራ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ለትምህርት ቤታችን ሃያ አዳዲስ ኮምፒውተሮች በቅርቡ እንደሚገቡ፣ የምረቃ በዓልም እንደሚደረግ ካበሠረኝ በኋላ፣ ለሃያውም ልብስ እንድሰፋ፣ በያንዳንዱም ላይ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ቃል በቀይ ክር እንድጠልፍ፣ ሲያልቅም ለንብረት ክፍሉ ለአቶ እንየው እንዳስረክብ ያዛል። ስለተጣለብኝ እምነት እጅ እነሣለሁ። ነገር ግን የሚመሰገን ሰው ሳይመሰገን ወደ ሥራ መግባት በእኛ ዘንድ ነውር ነውና፣ ለትእዛዙ መልስ ከመስጠቴ በፊት የቆየ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. መምህር አንተነህን ስላሰናበቱልን አመሰግናለሁ።

ክቡርነትዎ ብዙ ሰው ስለሚያሰናብቱ ላያስታውሱት ይችላሉ። ከወገዳ የመጣው ቀጭኑ፣ ሲራመድ የሚቸኩለው ልጅ ነው። በዕድሜ ልጄ ስለሚሆን አንተ እያልሁ እጽፈዋለሁ፤ አክብሮቱ ግን በልቤ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ኮምፒውተሮች የመጡ ጊዜ በኮንትራት ተቀጥሮ የኮምፒውተር ትምህርት ያስተምር ነበር። ለእነዚያም ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አረንጓዴ፣ ዙሪያውን ነጭ ጥልፍ ያለው። በዚያን ጊዜ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ነገር አልታዘዝሁም። እንዲያውም አንተነህ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ «ልብሱ ቶሎ የሚገፈፍ ይሁንልኝ፤ ልጆቹ ሲገቡ ጊዜ እንዳያባክኑ» ብሎ አሳስቦኝ ነበር።

ልጄ ሰውዳ ያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። አንድ ቀን ወረቀት ይዛ እየሮጠች መጣች፤ ስሟን ራሷ በኮምፒውተር ጽፋ፣ አንተነህ አትሞ የሰጣት ወረቀት ነበር። «ሰውዳ ሲራጅ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። ከስፌት መኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁት። እስከ ዛሬም አለ።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። ዘይት ከሱቅ የጠፋበት፣ ስኳር የሠርግና የሐዘን ዕቃ የሆነበት፣ ሰው ዋጋ ጠይቆ ዝም ብሎ የሚመለስበት ዓመት። መንግሥትም እንደ ሰው ተቸገረ፤ ይህ ይገባኛል። ክቡርነትዎም በኢኮኖሚው መቀዛቀዝ ምክንያት «አስቸኳይ ያልሆኑ የሥራ መደቦች» እንዲታጠፉ የሚል ደብዳቤ ጻፉ። በትምህርቱ አጋማሽ፣ ልጆቹ ገና ስማቸውን ጽፈው የአባታቸውን ስም ሲጀምሩ፣ አስቸኳይ ያልሆነው ሰው ቁልፉን አስረክቦ ወጣ። በዚያው ሳምንት «ወደ ዲጂታል ወረዳ እንገሰግሳለን» የሚል ረጅም ጨርቅ ጠርዙን እንድሰፋ ከቢሮዎ ተላከልኝ። እሱ አስቸኳይ ነበር። መልእክተኛው ደጃፌ ላይ ቆሞ ነው የጠበቀኝ።

፪ኛ. የእኔን የሞኝ ልብስ ሰፊ አስተሳሰብ ስላረሙልኝ አመሰግናለሁ።

እኔ እኮ በሙያዬ ስገምት፣ ክፉ ዓመት ማለት ባለሙያ ብዙ ሥራ የሚያገኝበት ዓመት ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱም በክፉ ዓመት ሰው አዲስ ልብስ አያሰፋም፤ ያለውን ያስጠግናል። የዚያን ዓመት አንድ አዲስ ሱሪ ሳልሰፋ መጣፍ ብቻ ስጥፍ ከረምሁ፤ ክርኑ የተበላ ኮት፣ ጉልበቱ ያለቀ ሱሪ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚጠብ ሸሚዝ። አዲስ መግዛት ያልቻለ ሰው የሚጠግንለትን ሰው አያባርርም፤ ቢያባርር ራቁቱን ይቀራል ብዬ አምን ነበር። ወረዳው ግን አዲስ ኮምፒውተር መግዛት በማይችልበት ዓመት አሮጌውን የሚጠግነውን ሰው አሰናበተ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው ብዬ በሆዴ አጉረመረምሁ። አሁን ግን ምጣኔ ሀብት ከእኔ መርፌ በላይ የጠለቀ ሳይንስ መሆኑን ተረድቻለሁ።

፫ኛ. የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ለአቶ እንየው በተደራቢነት ስለሰጡ አመሰግናለሁ።

ስለ አቶ እንየው አንድ ነገር ልናገር። የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ናቸው፤ በአካባቢው ከእሳቸው የበለጠ ታማኝ ሰው አላውቅም። ከሳጥኑ አንዲት ጠመኔ ብትጎድል ቤታቸው ገብተው እህል የማይቀምሱ ሰው ናቸው። ገብስና ስንዴ እያረሱ ያደጉ፣ ዛሬም ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚያርሱ ናቸው። ሃያ ኮምፒውተር በራሳቸው ላይ ሲወርድ፣ ምን እንዳደርግ ታዙኛላችሁ ብለው ቢሮዎን ጠየቁ። የደረሳቸው መልስ ንብረቱ አንዳች ጉዳት እንዳይደርስበት ተዘግቶ በጥንቃቄ ይጠበቅ፣ በሩም ላይ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ይለጠፍ የሚል ነበር። እንዴት ይጠበቅ የሚለውን የሚያውቀው ሰው በዚያው ሳምንት ስለተሰናበተ፣ «እንዴት» የሚለው ቃል በደብዳቤው ላይ አልነበረም።

ክቡር ሆይ፤ የጋይንት ሰው የሚሳሳለትን ነገር እንዴት እንደሚጠብቅ እርስዎም አገሬው ስለሆኑ ያውቃሉ። አቶ እንየው መስኮቱን በጭቃና በእበት ለሰኑት። የበሩን ስንጥቅ አንድ በአንድ ደፈኑ። ክረምት ሲገባ ጉንዳንና አይጥ ይገባል ብለው ሲሰጉ ደግሞ፣ ለገዛ ስንዴያቸው ከአርብ ገበያ ከገዙት፣ በጋዙ ተባይ ከሚገድለው የነቀዝ ክኒን ጥቂቱን ወስደው በየጥጉ አኖሩና በሩን መልሰው ለሰኑት። ከራሳቸው ጎተራ ቀንሰው ለመንግሥት ንብረት ሰጡ። የኮምፒውተር ክፍል እንደ ጎተራ ታሽጎ የከረመበት ወረዳ በአገሪቱ የእኛው ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ የምረቃው ቀን ለእንግዶች ቢነገር ያኮራል።

መስከረም ላይ አፍንጫቸውን ሸፍነው ከፈቱት። የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ወጣ። አይጥ የለም፤ ጉንዳን የለም፤ አቧራ የለም። እኔ የሰፋኋቸውን ልብሶች አንድ ብል እንኳ አልነካቸውም። ኮምፒውተሮቹ ግን አንዳቸውም አልነሣም አሉ። አቶ እንየው ቢጨንቃቸው አንተነህን አስጠሩት፤ ያለ አበል፣ ያለ ደብዳቤ መጣ። አንዱን ፈታ፤ ሁለተኛውን ፈታ፤ ከዚያ ተቀመጠ። በውስጥ ያለው የመዳብ ነገር ሁሉ ጠቁሮ ነበር። «ጋሼ እንየው፣ ይህ ጋዝ ለእህል ደግ ነው፤ መዳብ ግን ይበላል» አላቸው ቀስ ብሎ። አቶ እንየው የጠቆረውን መዳብ በጣታቸው ነኩት። ከዚያ ያሉትን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ «እህሌን እንደምጠብቀው ነው የጠበቅሁት። ከዚያ አብልጦ መጠበቅ እኔ አላውቅም» ነው ያሉት። እኔም ከዚያ አብልጦ መጠበቅ አላውቅም። እርስዎስ?

ጽሕፈት ቤትዎ በበኩሉ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴውም ተወያይቶ የጉዳቱ መንስኤ በባለሙያ ተጣርቶ እንዲቀርብ፣ በወረዳው ባለሙያ ስለሌለ ባለሙያ እስኪገኝ ፋይሉ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ፣ ፋይሉ እስኪዘጋም ንብረቱ እንዳይነካ ወሰነ። አንተነህ «ከሃያው ሬሳ ውስጥ ደኅና ደኅናውን ለቃቅሜ አንድ ሁለት የሚሠራ በነጻ አወጣላችኋለሁ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ፈተናቸው በኮምፒውተር ነውና ቢያንስ ነክተውት ይሂዱ» ብሎ ለመነ። ማስረጃ ማጥፋት ይሆናል ተብሎ ተከለከለ። ማስረጃው እስካሁን በክብር ታሽጎ አለ። አረንጓዴ ልብሱን እንደ ለበሰ ነው።

፬ኛ. የሰው ኃይል እጥረት መኖሩን ስለደረሱበት አመሰግናለሁ።

ከዚያ ወዲያ ዓመቱ ቀና፤ ወይም ቀንቷል ብላችሁ ነገራችሁን። በጀት ተለቀቀ ተባለ። ክቡርነትዎም በስብሰባ አዳራሹ ተነሥተው ወረዳው በቴክኖሎጂ ዘርፍ «ከፍተኛ የሰለጠነ የሰው ኃይል እጥረት» እንዳለበት በሐዘን ሲናገሩ፣ ለአዳራሹ የጠረጴዛ ልብስ ላስረክብ ሄጄ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ድምፅዎ ሲንቀጠቀጥ አንጀቴን በላው። ሰው ራሱ ያባረረውን ሰው አጣሁት ብሎ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ክፉ ሰዎች ከጎኔ ነበሩ፤ እኔ ግን ዝም አሰኘኋቸው።

ማስታወቂያው ወጣ። አንተነህ በዚያን ጊዜ አርብ ገበያ ጃንጥላ ዘርግቶ ስልክ ይጠግን ነበር። በአህያ ጤፍና ምስር ጭነው የሚመጡ ገበሬዎች አህያቸውን አስረው ወደሱ ይሰለፉ ነበር፤ እኔ ጨርቅ ልገዛ ስወርድ አይቸዋለሁ። ማስታወቂያውን ሲሰማ ጃንጥላውን አጥፎ መጣ። ዲግሪውን አቀረበ፤ ያስተማረበትን ዘመን አቀረበ። ቢሮዎ ማመልከቻውን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ፣ ያለፉትን ዓመታት በታወቀ ተቋም በሙያው ስላልሠራ የሥራ ልምዱ የተቋረጠ ነው በማለት ውድቅ አደረገው። ልምዱን ማን እንዳቋረጠው በመልሱ ላይ አልተጠቀሰም፤ ቦታ አልበቃ ብሎ ይሆናል። ከዚያ «ተወዳዳሪ አልተገኘም» ተባለና ያው ማስታወቂያ እንደገና ተለጠፈ። ዝናብ አጠበው፤ እንደገና ተለጠፈ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ እንዳልል የሚለጥፉት ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ ደመወዝተኞች ናቸው።

አንተነህ አሁን ባሕር ዳር አንድ የግል ትምህርት ቤት ያስተምራል። የተቋረጠ ልምዱን ሳያዩ ቀጠሩት፤ ምናልባት እንዲያስተምር ብቻ ስለፈለጉት ይሆናል። ሊሄድ ሲል ሱቄ መጥቶ ተሰናበተኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየና፣ «አልጨረስሁላትም» አለ።

የሚቀጥለውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልሁም፤ ምስጋናም ልለው አልቻልሁም። ስለዚህ እንዲሁ እጽፈዋለሁ።

ልጄ ሰውዳ በመርፌዬ ክር የምታስገባልኝ ልጅ ናት። ዐይኔ በዚህ ሥራ ደክሟል፤ ሐኪም ሆኜ የአባየን ዐይን አያለሁ ትል ነበር ከትንሽነቷ። ትምህርቷ ደኅና ነው፤ ይህን የምለው አባቷ ስለሆንሁ ብቻ አይደለም፣ መምህራኗን መጠየቅ ይቻላል። ፈተናው በኮምፒውተር ነው ከተባለበት ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጣች። በትምህርት ቤት የኮምፒውተር ትምህርቱን የያዙት የስፖርት መምህሩ ናቸው፤ መልካም ሰው ናቸው፣ የሌላቸውን ነገር ስጡ ተባሉ እንጂ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የፊደል መምቻውን፣ ኪቦርድ የሚሉትን፣ ማውሱንም እየሣሉ አስተማሯቸው። ልጄም እቤት መጥታ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ በጠመኔዬ ያንኑ ሣለች። ማታ ማታ ጣቷን በጠመኔው ሥዕል ላይ እየነካካች ትለማመድ ነበር። ስልክ መነካካት ታውቃለች፤ የዘመኑ ልጅ ናት። ስልክ ግን ማውስ የለው፣ ሲጠፋም በየት እንደሚበራ ታውቀዋለች።

ወደ ፈተና ጣቢያው በአውቶቡስ ሄዱ። የሒሳብ ፈተና ዕለት፣ አንዱን ከባድ ጥያቄ በተሰጣት ባዶ ወረቀት ላይ ጎንበስ ብላ ስትሠራ ቆየች። መልሱን አገኘችው። ቀና ስትል ማሽኑ ጨልሟል።

ሰበርሁት ብላ አሰበች። ሌላ ምን ልታስብ ኖሯል? ስሟን ከጻፈችበት ቀን ወዲህ ስለ ኮምፒውተር የተማረችው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በትምህርት ቤቷ የታሸገ በር ላይ፣ በክቡርነትዎ ትእዛዝ፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ነው። በየቀኑ ስታልፍ ስታገድም አንብባዋለች። ስለዚህ አልነካችውም። እጇን ሻርፕዋ ውስጥ ከታ፣ የመንግሥት ንብረት ያጠፋች መስሏት፣ የሚመጣውን ቅጣት እየጠበቀች ዝም ብላ ተቀመጠች። ጎረቤቷን እንዳትጠይቅ ፈተና ነው። እጅ እንዳታወጣ አፈረች። ሰዓቱ ይሄድ ነበር። በመጨረሻ ፈታኙ በአጠገቧ ሲያልፉ አዩዋትና፣ «ምነው ልጄ? ንኪው እንጂ!» ብለው ማውሱን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት። በራ።

ይኸው ነው። መንካት ብቻ ነበር።

የቀረው ሰዓት ለቀረው ጥያቄ አልበቃም። ያቺን ያገኘቻትን መልስ እንኳ ወረቀቱ ላይ ትታት ነው የወጣች። ውጤቱ ሲመጣ የማለፊያው ነጥብ ለጥቂት አመለጣት። «አባየ፣ ጥያቄውን አውቀዋለሁ እኮ፤ ማሽኑን ነው የማላውቀው» አለችኝ። እኔ በልጅነቴ ያልተማርሁ ሰው ነኝ፤ ልጄ አለማወቋን ብትነግረኝ ይገባኝ ነበር። እያወቀች መውደቋን ግን ለማን እንደምነግር አላውቅም። ልቤ ቆስሏል፤ ይህንን በአክብሮት ቋንቋ እንዴት እንደሚጽፉት ስላላወቅሁ እንዲሁ ጻፍሁት፤ ይቅርታዎን።

በዚህ ዓመት ሰኔ በግሏ እንደገና ትፈተናለች። ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል እንድትሞክር የሚያስችል አቅም እኔ የለኝም፤ ዐይኔም አይጠብቀኝም። ሌላ ጉዳይ ይዋል ይደር ቢባል፣ ልጅ የሚማርበት ዕድሜ ግን አይውል አያድርም።

አሁን ወደ ትእዛዝዎ ልመለስ።

ክቡር ሆይ፤ ሃያውን ልብስ መስፋት አልቻልሁም። ዋጋው አንሶኝ አይደለም፤ ጨርቁም አለ፤ ቀዩም ክር አለ። ችግሩ ጠረጴዛው ነው። ሰውዳ ለዘንድሮው ፈተና የፊደል መምቻውን እንደገና ሣላበታለች። በዚህ ጊዜ እንዲበረክት ደማቅ አድርጋ፣ ማውሱንም በስተቀኝ፣ ገመዱ ሳይቀር። በላዩ ጨርቅ ብዘረጋ ይጠፋባታል። ስለዚህ ላለፉት ወራት የምቆርጠውን ሁሉ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፌ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነው የምቆርጠው። ለደንበኛ ሱሪ እንበረከካለሁ። ለልጄም ዕድሜ ልኬን እንበረከካለሁ። ለማይነካ ዕቃ ልብስ ግን ጉልበቴ አይታዘዝልኝም። በአሁኑ ጊዜ በወረዳው ውስጥ የሚሠራው ብቸኛ የኮምፒውተር ክፍል የእኔ የመቁረጫ ጠረጴዛ መሆኑን ለበላይ አካል ሪፖርት ሲያደርጉ ቢጠቅሱልን ደስ ይለናል። መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ሲገቡ ግን አንድ ልመና አለኝ። ልብስ አያልብሷቸው። ራቁታቸውን ይሁኑ፤ አቧራም ይንካቸው፤ የልጅ ቅባታም ጣትም ይንካቸው፤ ከተበላሹም ነክተዋቸው ይበላሹ። ከእነሱም በፊት የሚያውቃቸውን ሰው ያስገቡልን። ለሰኔ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋል፤ ለእኔ ልጅ ብቻ ሳይሆን በዚያ በር ሲያልፉ ያንን ጽሑፍ ሲያነቡ ለኖሩት ልጆች ሁሉ ይበቃል፤ መንካት ለመማር ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ሰውዳ በጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ፣ ከሣለችው ሥዕል በላይ፣ ለራሷ ማስታወሻ በጠመኔ ጽፋለች። «ቢጨልም ንኪው» ይላል። እርስዎ በቀይ ክር ጥለፍ ያሉኝን ቃልና ይህን ቃል አንድ እጅ ሊጽፋቸው አይችልም። እኔ የልጄን መርጫለሁ።

ከመጋረጃዎ በወዲያኛው በኩል ሆኜ፣ ፀሐይ እንዳይመታዎ እየተመኘሁ፣ አንድ ቀን ግን መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ገበያውን እንዲያዩ እየለመንሁ፣ በመርፌና በክር ያገለገልሁዎ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ለመታዘዝ ጉልበቱ ያነሰኝ፣

ሲራጅ ሰዲቅ
ልብስ ሰፊ፣ ሾላ ሜዳ

ግልባጭ፦
ለመምህር አንተነህ፣ ባሕር ዳር፤ ልጅቷ አሁንም እየተለማመደች መሆኑን እንዲያውቅ።
ለአጣሪ ኮሚቴው፤ ከክፍት ፋይሉ ጋር እንዲያያዝ።

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ አቶ እንየው ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ሲሰሙ አንድ ነገር እንድጠይቅላቸው በብርቱ አደራ ብለውኛል። የአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ክፍል ቁልፍም በተደራቢነት ለእሳቸው እንደሚሰጥ፣ የባለሙያው ቦታ ግን ገና በማስታወቂያ ላይ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። ባለፈው ተሳስተው ስለነበር አሁን ያለ ትእዛዝ ምንም ላለማድረግ ወስነዋል። ከነቀዝ ክኒኑ ጥቂት ተርፏቸዋል፤ ለአዲሶቹም ይጨምሩ ወይስ አይጨምሩ? መልሱን ፈጥነው በጽሑፍ ቢልኩላቸው መልካም ነው፤ ክረምቱ እየመጣ ነው።